አንድ አየር፣ ብዙ ኮሚቴ
በደብረ ብርሃን ለጠቅላላው ሕዝብ የቀረበ ትምህርታዊ ንግግር



የዛሬው ንግግሬ ስለ ገመድ አልባ ኔትወርክ ነው፤ ይበልጡን ደግሞ ደንቡን ስለሚጽፉት ኮሚቴዎችና እርስ በርስ ስለሚግባቡበት መንገድ። ኮሚቴ ሲባል ብዙ ሰው ቃለ ጉባኤና ማለቂያ የሌለው ስብሰባ ይታየዋል። እኔ ላስረዳችሁ የምፈልገው ግን ይህን ነው፦ በኪሳችሁ ያለው ስልክ የሚሠራው መሐንዲሶች ብልህ ስለሆኑ ብቻ አይደለም፤ ኮሚቴዎች ስለተግባቡም ነው። ሳይግባቡ ሲቀሩ ደግሞ ዕዳው በስብሰባው ወንበር ያልነበረው አገር ላይ ይወድቃል። እኛም ከዚህ ዕዳ ድርሻችንን ከፍለናል። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ አስታውቃለሁ።

ጠባቧ ሞገድ

በዩኒቨርሲቲያችን አካባቢ ቤት ተከራይታ የምትኖር አንዲት ተማሪ እናስብ። ስልኳ ላይ የዋይፋዩን ዝርዝር ስትከፍት የጎረቤቶቿ ራውተሮች ስም ከላይ እስከ ታች ተደርድሮ ታያለች። ጆሮዋ ላይ የብሉቱዝ ማዳመጫ አለ፤ ላፕቶፗ ላይ ገመድ አልባ ማውስ አለ። አብዛኞቹ የሚነጋገሩት ከ2400 እስከ 2483.5 ሜጋኸርዝ በተዘረጋች አንዲት ሞገድ ላይ ነው። የሞገዷ ጠቅላላ ስፋት 83.5 ሜጋኸርዝ ነው። አንድ የዋይፋይ ቻናል ወደ 20 ሜጋኸርዝ የሚጠጋ ቦታ ይይዛል፤ የቻናሎቹ መካከለኛ ነጥቦች ግን የሚራራቁት በ5 ሜጋኸርዝ ብቻ ነው። ስለዚህ ራውተሩ 13 ቻናል ቢያሳያችሁም፣ ሳይነካኩ ጎን ለጎን ሊሠሩ የሚችሉት ሦስት ናቸው፦ 1፣ 6 እና 11። አንዱ ጎረቤት 3 ቁጥር ላይ ቢያደርገው 1 ላይ ያለውንም 6 ላይ ያለውንም ይረብሻል።

ይህች ሞገድ ለሕዝብ የተከፈተችበት ታሪክ አጭር ነው። ቀድሞ ለኢንዱስትሪ፣ ለሳይንስና ለሕክምና መሣሪያዎች የተተወች ነበረች፤ የማይክሮዌቭ ምድጃም የሚያሞቀው በእርሷ ነው። በ1985 የአሜሪካ ፌዴራል ኮሙኒኬሽን ኮሚሽን ይህችንና ሌሎች ሁለት ሞገዶችን፣ ኃይሉን ዝቅ አድርጎ የተቀመጠውን ደንብ እስካከበረ ድረስ፣ ማንም ያለ ፈቃድ ለመገናኛ እንዲጠቀምባቸው ፈቀደ። ሌሎች አገሮችም ተከተሉ። ከዚያ በኋላ ሞገዷ የማንም ርስት ሳትሆን የሁሉም ሆነች።

የወል ሀብት እንዴት እንደሚጠበቅ የሰሜን ሸዋ ሰው ከማንም በላይ ያውቃል። መንዝ ላይ የጓሳን ሣር ለዘመናት የጠበቀው የቄሮ ሥርዓት ነው። የአስቦና የጌራ ወገኖች አባ ቄራ እየመረጡ፣ ቦታው ለዓመታት ተዘግቶ እንዲቆይ፣ ሲደርስም በአንድ ቀን እንዲከፈት በጋራ ይወስኑ ነበር። ከ1975ቱ የመሬት አዋጅ በኋላ የቀድሞው ሥርዓት ቢቋረጥም፣ ማኅበረሰቡ እንደገና ተደራጅቶ ጓሳን ዛሬም ይጠብቃል። ሁለት ወገኖች በአንድ ሣር ላይ ሁለት የማይገናኙ ደንቦች ቢያወጡ ኖሮ ሣሩ ባለቀ ነበር። ገመድ አልባው ሞገድም የገጠመው ጥያቄ ይኸው ነው፦ ደንብ አውጪዎቹ ብዙ ናቸው፣ ሀብቱ ግን አንድ ነው።

ደንብ አውጪዎቹ እነማን ናቸው?

አይ ትሪፕል ኢ የሚባለው የመሐንዲሶች ማኅበር 802 የተሰኘውን ኮሚቴ ያቋቋመው በ1980 ነው። በሥሩ ብዙ የሥራ ቡድኖች አሉ። 802.11 ዛሬ ዋይፋይ የምንለውን ይጽፋል፤ የመጀመሪያ ደረጃውን ያወጣው በ1997 ነው። 802.15 የአጭር ርቀት መገናኛን፣ 802.16 ደግሞ ዋይማክስ ተብሎ የታወቀውን ይዞ ነበር። ብሉቱዝን ግን ከዚህ ማኅበር ውጭ በ1998 ኤሪክሰን፣ አይቢኤም፣ ኢንቴል፣ ኖኪያና ቶሺባ ሆነው ነው የጀመሩት። ዋይፋይ አላያንስ (በ1999 ሲቋቋም ሌላ ስም ነበረው) ደረጃውን አይጽፍም፤ የተለያዩ ፋብሪካዎች ዕቃዎች አብረው መሥራታቸውን ፈትሾ ምልክቱን ይሰጣል። የሞባይሉ ዓለም ደግሞ የራሱ ጉባኤ አለው፤ ስሪ ጂ ፒ ፒ ይባላል፣ የተመሠረተው በ1998 ነው። ከእነዚህ ሁሉ በላይ መንግሥታት ራሳቸው ሞገድ የሚከፋፈሉበት ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት አለ። ኅብረቱ በ1865 ፓሪስ ላይ ተመሠረተ፤ አገራችን አባል የሆነችው በ1932 ነው።

እነዚህ አካላት አንዱ የሌላው አለቃ አይደለም። ታዲያ በምን ይግባባሉ?

ዋናው መሣሪያ ደብዳቤ ነው። አንዱ ኮሚቴ ለሌላው «በዚህ ሞገድ ላይ ይህን ልንጽፍ ነው፤ እናንተን የሚነካ ነገር አለ ወይ?» ብሎ ይጽፋል፤ የተጻፈለትም በስብሰባው ተወያይቶ፣ በድምፅ አጽድቆ መልስ ይሰጣል። ሁለተኛው መሣሪያ ሰው ነው። በሁለቱም ጉባኤ እየተገኘ የአንዱን ሐሳብ ለሌላው የሚያደርስ አገናኝ ይመደባል። ሦስተኛው ለዚሁ ተብሎ የተቋቋመ ቡድን ነው። በ802 ሥር 802.19 የሚባለው ቡድን ሥራው አብሮ መኖርን ማየት ነው፤ ፈቃድ በማይጠየቅበት ሞገድ ላይ አዲስ ደረጃ የሚጽፍ ቡድን፣ ከነባሮቹ ጋር እንዴት እንደሚኖር በሰነድ አስረድቶ በዚህ ቡድን መታየት አለበት። 802.18 ደግሞ ከመንግሥታት ተቆጣጣሪዎች ጋር ያለውን ጉዳይ ይከታተላል።

ይህ ሥራ ለዝናም ለሽልማትም አይመችም። የተማሪዋ ማዳመጫ ግን የሚሠራው በዚህ ሥራ ነው። እንዴት እንደሆነ ቀረብ ብለን እንየው።

በአንድ ስልክ ውስጥ ሁለት ኮሚቴ

ብሉቱዝ ሲሠራ በአንድ ቦታ አይቆምም። ሞገዱን እያንዳንዳቸው 1 ሜጋኸርዝ በሆኑ 79 ጠባብ ቻናሎች ይከፋፍልና በሰከንድ 1600 ጊዜ ከአንዱ ወደ ሌላው ይዘላል። ዋይፋይ ደግሞ 20 ሜጋኸርዙን ይዞ ባለበት ይቀመጣል። ስለዚህ ብሉቱዙ እየዘለለ ሲሄድ፣ ከየአራቱ ዝላይ አንዱ ገደማ የዋይፋዩ ቦታ ላይ ያርፋል። በዚያች ቅጽበት የሁለቱም መልእክት ይበላሻል፤ ሙዚቃው ይቆራረጣል፣ ፋይሉም ይንቀራፈፋል። ሁለቱ አንቴናዎች በአንድ ስልክ ውስጥ በጥቂት ሳንቲሜትር ርቀት ሲቀመጡ ደግሞ ችግሩ ይብሳል።

መፍትሔው የመጣው ሦስት የተለያዩ አካላት ተራ በተራ እጃቸውን ስላስገቡ ነው። አይ ትሪፕል ኢ የብሉቱዙን ሰነድ ተቀብሎ በ2002 802.15.1 ብሎ አወጣው፤ 802.15.2 የተባለ ቡድንም ሁለቱ አብረው የሚኖሩበትን ዘዴ አጥንቶ በ2003 ምክረ ሐሳቡን አሳተመ። ከዘዴዎቹ አንዱ ብሉቱዙ የትኞቹ ቻናሎች እንደተያዙ እየለየ እነርሱን ዘልሎ እንዲያልፍ ማድረግ ነበር። ነገር ግን የአሜሪካ ደንብ የሚዘል መሣሪያ በብዙ ቻናሎች ላይ እኩል እንዲዘል ያስገድድ ስለነበር ዘዴው ሕጋዊ መንገድ አልነበረውም። ተቆጣጣሪው በ2002 ደንቡን አላላው። በ2003 ደግሞ የብሉቱዙ ቡድን ዘዴውን በ1.2 ስሪቱ ውስጥ አስገባው። ዛሬ ማዳመጫው ዋይፋዩ 6 ላይ እንዳለ ሲያውቅ ያን አካባቢ ትቶ በሌላው በኩል ይዘላል። አንደኛው አጠና፣ ሁለተኛው ደንቡን አሻሻለ፣ ሦስተኛው በምርቱ ውስጥ ጻፈው፤ ከሦስቱ አንዱ እምቢ ቢል ኖሮ ሥራው እዚያው በቀረ።

ሌላም ምሳሌ አለ። ራውተራችሁን 5 ጊጋኸርዝ ላይ አድርጋችሁ ስትከፍቱት አንዳንዴ አንድ ደቂቃ ያህል ዝም ይላል። የተበላሸ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው፤ ራውተሩ ግን በዚያች ጊዜ እየሰማ ነው። በዚያ ሞገድ ላይ የአየር ጠባይና የሌሎች አገልግሎቶች ራዳሮች አሉ። የአውሮፓ ተቆጣጣሪዎች ዋይፋይ ራዳርን ካልጠበቀ አናስገባም ስላሉ 802.11 በ2003 ተጨማሪ ደረጃ ጻፈ፤ በዚያው ዓመት ጄኔቫ ላይ የተሰበሰበው ዓለም አቀፍ የሬዲዮ ጉባኤም ሞገዱን በዚሁ ግዴታ ከፈተው። በግዴታው መሠረት መሣሪያው እነዚያን ቻናሎች ከመጠቀሙ በፊት 60 ሰከንድ ያዳምጣል። በሥራ ላይ እያለ ራዳር ከሰማ በ10 ሰከንድ ውስጥ ቻናሉን ይለቃል፤ ለ30 ደቂቃም አይመለስበትም። ያቺ የአንድ ደቂቃ ዝምታ በተቆጣጣሪዎችና በመሐንዲሶች መካከል የተደረገ ስምምነት ውጤት ናት።

አሥር ዴሲቤል

ሁሉም ግን እንዲህ በቀላሉ አልተስማማም። በ2014 እና በ2015 የሞባይሉ ወገን አራተኛ ትውልድ የሚባለውን ኤልቲኢን ፈቃድ ወደማይጠየቅበት 5 ጊጋኸርዝ ለማስገባት ተነሣ። ዋይፋይ በዚያ ቀድሞ ሰፍሮ ነበር። ዋይፋይ ከመናገሩ በፊት ያዳምጣል፤ የሚሰማበት ልክ ግን ሁለት ዓይነት ነው። የራሱ ወገን ምልክት ሲሆን እስከ ኔጌቲቭ 82 ዴሲቤል ሚሊዋት ድረስ ደካማ የሆነውንም ሰምቶ ዝም ይላል። ምልክቱ የማያውቀው ሌላ ቴክኖሎጂ ከሆነ ግን ዝም የሚለው ድምፁ ኔጌቲቭ 62 ሲደርስ ነው። የ20 ዴሲቤል ልዩነት መቶ እጥፍ ኃይል ነው። እንግዲህ ዋይፋይ ለባዕዱ ዝም እንዲል፣ ከወገኑ ከሚመጣው ምልክት መቶ እጥፍ የበረታ ምልክት መስማት አለበት ማለት ነው።

የሞባይሉ ወገን ለራሱ ኔጌቲቭ 72 የሚል መካከለኛ ልክ አወጣ፤ ወደፊት የሚጻፉ የዋይፋይ ደረጃዎችም ለሌላው ቴክኖሎጂ ከኔጌቲቭ 62 በአሥር ዴሲቤል ወደዚሁ ልክ እንዲወርዱ በደብዳቤ ጠየቀ። የዋይፋዩ ወገን ደግሞ አዲሶቹ የዋይፋይ ዕቃዎች በዚህ ልክ ቢሠሩ በዓለም ላይ ከተሠራጩት ነባር ዕቃዎች ጋር ሲጋፉ ይጎዳሉ ሲል አልተቀበለውም። ነሐሴ 2015 ቤይጂንግ ላይ ሁለቱ ወገኖች ፊት ለፊት ተገናኙ፤ ሐምሌ 2019 ደግሞ ቪየና ላይ አብሮ ስለ መኖር ተወያዩ። በልኩ ላይ ሙሉ ስምምነት አልተደረሰም። ሆኖም ደብዳቤውና ስብሰባው ከንቱ አልቀረም። የሞባይሉ ደረጃ ቀድሞ ማዳመጥንና በዕጣ የሚወሰን ጊዜ መጠበቅን ከዋይፋይ በሚመሳሰል መልኩ ተቀብሎ በ2016 ወጣ። ሙሉ ስምምነት ባይገኝም፣ ተነጋግረው የደረሱበት ግማሽ ስምምነት ሞገዱን ከመጥፋት አድኗል።

አለመግባባት ሲያሸንፍ

አንዳንዴ ክፍፍሉ በአንድ ኮሚቴ ውስጥ ነው። በ802 ቡድኖች አንድ ቴክኒካዊ ውሳኔ ለማለፍ 75 በመቶ ድምፅ ያስፈልገዋል። 802.15.3a የተባለው ቡድን በጣም ሰፊ ሞገድ ላይ በአጭር ርቀት እጅግ ፈጣን መገናኛ ሊጽፍ ተቀመጠ። ሐሳቦቹ ተጣርተው ሁለት ቀሩ፤ ሁለቱም ወገኖች ግን 75 በመቶ ማግኘት ተሳናቸው። ለዓመታት ሲከራከሩ ቆይተው ጥር 2006 ላይ ቡድኑ ፈረሰ። ሁለቱም ወገኖች ዕቃቸውን ይዘው ገበያ ወጡ፤ ገበያው ግን ሁለቱንም ትቶ በተሻሻለው ዋይፋይና በኬብል ቀጠለ።

ለእኛ ይበልጥ የሚቀርበው ታሪክ የሦስተኛው ትውልድ ሞባይል ነው። በ1990ዎቹ መጨረሻ ዓለም አንድ ደረጃ ይኖረዋል ተብሎ ነበር። አውሮፓና ጃፓን ደብሊው ሲዲኤምኤን፣ አሜሪካ ደግሞ ሲዲኤምኤ 2000ን ያዙ። የአንዱ መሠረታዊ ፍጥነት በሰከንድ 4.096 ሚሊዮን፣ የሌላው 3.6864 ሚሊዮን ምልክት ነበር። በ1999 የዓለም ትላልቅ የስልክ ኩባንያዎች ተሰብስበው ደብሊው ሲዲኤምኤ ወደ 3.84 ሚሊዮን እንዲወርድ አስማሙ፤ ሁለቱ ቢቀራረቡ የሁለቱንም ቋንቋ የሚያውቅ ስልክ ለመሥራት ይቀላል በሚል። አንድ መሆን ግን አልተቻለም። ሁለት ጉባኤዎች ሁለት መንገድ ይዘው ሄዱ፤ ዓለም አቀፉ ኅብረትም በ2000 አምስት የተለያዩ የሬዲዮ ዘዴዎችን በአንድ ስም አጸደቀ።

ኢትዮጵያ ሁለቱንም ገዛች። የደብሊው ሲዲኤምኤ ቀዳሚ የሆነው ጂኤስኤም አዲስ አበባ የገባው በ1999 ነው። የኢትዮጵያ ቴሌኮሙኒኬሽን ኮርፖሬሽን በ2006 ከቻይናው ዜድቲኢ ጋር በ1.5 ቢሊዮን ዶላር ብድር በተዋዋለበት ዘመን የጂኤስኤምና የደብሊው ሲዲኤምኤ መረብ ሲሰፋ፣ ጎን ለጎን የሲዲኤምኤ መረብም ተዘረጋ። ውሳኔው ለጊዜው ምክንያት ነበረው፤ የሲዲኤምኤ ምልክት ከአንድ ማማ ረጅም ርቀት ስለሚሄድ ለገጠር ቀበሌ ይስማማል። የሲዲኤምኤ የጠረጴዛ ስልክ ገመድ ያልደረሰበት ቦታ ደረሰ፤ ኢቪዲኦ የሚባለው ሞደምም የብዙ መሥሪያ ቤትና የኢንተርኔት ቤት አለኝታ ሆነ። ችግሩ የመጣው በኋላ ነው። የሲዲኤምኤው ወገን ቀጣይ ትውልድ ይሆናል የተባለው ዕቅድ በ2008 ተተወ፤ ዓለም ሁሉ ወደ ኤልቲኢ ዞረ። መስመሩ ወራሽ አጣ። በዚያ ቴክኖሎጂ ላይ የወጣው የሕዝብ ገንዘብ፣ የሠለጠነው ባለሙያ፣ የተገዛው ስልክና ሞደም ሁሉ ቀጣይ የሌለው ሆነ። ደረጃው ሲከፈል እኛ በጠረጴዛው ዙሪያ አልነበርንም፤ ክፍፍሉ ግን እስከ ቀበሌያችን መጣ።

መግባባት የሚያተርፈውንም ዓይተናል። በ2013 ኢትዮ ቴሌኮም መረቡን ለማስፋት ከዜድቲኢና ከሁዋዌ ጋር በጠቅላላው በ1.6 ቢሊዮን ዶላር ተዋዋለ፤ በኋላም ኤሪክሰን የሥራው ድርሻ ተሰጠው። አገሪቱ በክልል ተከፋፍላ አንዱ ክልል የአንዱን፣ ሌላው የሌላውን ዕቃ አገኘ። ተሳፋሪው ግን ከአንዱ አቅራቢ ክልል ወደ ሌላው ሲሻገር ስልኩ ላይ የሚያስተውለው ነገር የለም። ሁሉም ዕቃዎች የአንድ ጉባኤ ደንብ ስለሚከተሉ ነው። በ2022 ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ ሥራ ሲጀምር የእኛው ስልክ ሲም ቀይሮ ለአዲሱ መረብ የበቃው በዚሁ ምክንያት ነው።

ከእኛ ምን ይጠበቃል?

የአየሩ ጉዳይ ዛሬም አልተዘጋም። በ2020 አሜሪካ ከ5925 እስከ 7125 ሜጋኸርዝ ያለውን ሰፊ ሞገድ በሙሉ ለዋይፋይና ለመሰሎቹ ከፈተች። በ2023 ዱባይ ላይ የተሰበሰበው ዓለም አቀፍ የሬዲዮ ጉባኤ ግን፣ እኛና አውሮፓ ባለንበት አንደኛው ቀጣና፣ ከ6425 በላይ ያለውን ለሞባይል ለየው፤ ለዋይፋይም በሩን ሙሉ በሙሉ አልዘጋም። ሁለቱ በዚያ ላይ እንዴት አብረው እንደሚኖሩ ገና ይጻፋል። በአገራችን ሞገድን የሚያስተዳድረው፣ በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 (ይህ ዓመት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው) የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። አፍሪካውያን ደግሞ ለጉባኤው የጋራ አቋማቸውን የሚያዘጋጁት በአፍሪካ ቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት በኩል ነው። በጉባኤው የኢትዮጵያ ድምፅ ከትልቁ አገር ድምፅ እኩል ነው። ድምፁ የሚከብደው ግን ከኋላው ጥናት ሲኖረው ነው።

ስለዚህ ሦስት ነገር እጠይቃለሁ። የመጀመሪያው ለሁላችንም ነው። ራውተራችሁን 1፣ 6 ወይም 11 ላይ አድርጉ፤ ዕቃው የሚችል ከሆነ ወደ 5 ጊጋኸርዝ ውሰዱት፤ ስትገዙ የባለሥልጣኑን ፈቃድ ያገኘውን ምረጡ። የጋራ ደንብ ቤት ውስጥ ካልተከበረ ጄኔቫ ላይ መጻፉ አይጠቅምም።

ሁለተኛው ለተማሪዎችና ለመምህራን ነው። የ802 ቡድኖች ሰነዶችና ደብዳቤዎች ለማንም ክፍት ናቸው፤ የስሪ ጂ ፒ ፒም እንዲሁ። በ802 ቡድኖች ሰው የሚሳተፈው የአገር ወይም የኩባንያ ወኪል ሆኖ ሳይሆን በግሉ ነው፤ የድምፅ መብቱንም የሚያገኘው በስብሰባ በመገኘት ነው። አንድ የምሕንድስና ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፉን ርእስ በቀጥታ ከእነዚህ ደብዳቤዎች መምረጥ ይችላል፤ በአሥሩ ዴሲቤል ላይ ገና ያልተመለሰ ጥያቄ አለ።

ሦስተኛው ለተቋሞቻችን ነው። በዓለም አቀፉ ኅብረት የሬዲዮ ዘርፍ ሦስተኛው የጥናት ቡድን ምልክት በዝናብ፣ በተራራና በርቀት እንዴት እንደሚደክም ከየአገሩ የተለካ መረጃ ይሰበስባል፤ ዓለም የሚጠቀምባቸው ቀመሮችም ከዚያ ይወጣሉ። እኛ የምንኖረው ከ2800 ሜትር በላይ ነው። ከጣርማ በር ቁልቁል ሲወረድ ሸዋ ሮቢት 1300 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። የክረምት ዝናብ፣ በረዶና ጉም፣ ድንገተኛ ገደል፣ ሁሉም በአንድ አጭር መንገድ ላይ ተሰብስቧል። ከ10 ጊጋኸርዝ በላይ የሚሠሩ የማማ ለማማ መገናኛዎችን ዝናብ ምን ያህል እንደሚያደክማቸው እዚህ ለዓመታት ቢለካ፣ መረጃው ለኢትዮጵያም ለሌላውም ደጋ አገር ይጠቅማል። በ2007 ሥራ የጀመረው የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ ከቴሌኮም ድርጅቶችና ከባለሥልጣኑ ጋር ተፈራርሞ ይህን ሊጀምር ይችላል፤ መለኪያው፣ መንገዱና ተማሪው አለ።

ኮሚቴዎች የሚግባቡት ጉዳዬ ብሎ የሚጽፍ፣ የሚለካና ደብዳቤ የሚመልስ ሰው ሲኖር ነው። ከዚያ ጠረጴዛ የቀረ አገር ሌሎች የተስማሙበትን ይገዛል፤ ያልተስማሙበትንም ዕዳ ይሸከማል። ቀጣዩ ደረጃ ሲጻፍ ከሰሜን ሸዋ ደጋ የተለካ ቁጥር በሰነዱ ውስጥ እንዲገኝ ሥራውን ዘንድሮ እንጀምረው።